የእህል በረንዳ ዋጋና የወረዳ መዝገብ፤ «አር» የተባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ስለ መማር

በአዲስ አበባ፥ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፥ በመርካቶ ውስጥ እህል በረንዳ የሚባለው ስፍራ ከጐጃም፥ ከወለጋ፥ ከአርሲና ከሸዋ በጭነት መኪና ተጭኖ ለሚመጣው እህል ብዙ ዘመን ዋጋ የሚቈረጥበት ሆኖ ኖሯል። መርካቶ ራሱ በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣልያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥተው ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ የተተከለ መሆኑ፥ ስሙም በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ በረንዳ የኖረ ደላላ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ እፍ ካለበት በኋላ ማኛ ነው፥ ነጭ ነው፥ ሰርገኛ ነው ብሎ ይለያል፤ የሚሸጥበትንም ዋጋ ሳይጽፍ በልቡ ያሰላል። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የእህል ገበያ ያሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዳው፥ የክፍለ ሀገር ነጋዴ እርሱ በስፍራው ሳይገኝ እህሉን ወደ አዲስ አበባ የሚልከው የደላላውን ዕውቀትና ታማኝነት አምኖ ነው።

ዳሩ ግን ይህ የልብ ሒሳብ ለአንድ ጆንያና ለአንድ ቀን ቢበቃ ነው እንጂ ለአንድ ወረዳና ለአንድ ዓመት አይበቃም። ደላላ ቢሳሳት የሚከስሩት እርሱና ደንበኛው ናቸው። የወረዳ ሹም በቍጥር ቢሳሳት ግን ምርጥ ዘሩ ለማያሻው ቀበሌ ይላካል፤ ማዳበሪያው የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ የተራበውም ገበሬ ተርፎታል ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፥ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሹማምንትና ሰፊ እርሻ የያዙ ባለርሻዎች የመዝገባቸውን ቍጥር በገዛ እጃቸው መመርመር ይገባቸዋል፤ ለዚህም ሥራ «አር» የተባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ከፊደሉ ጀምሮ ቢማሩ ድካማቸው ከንቱ አይሆንም።

ምናልባት «ይህ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ ለገዥ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፥ ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው፥ የሚያደርገው የእርሻ ናሙና ጥናት በእውነቱ ትልቅ ሥራ ነው። ቈጣሪዎቹ በዕጣ በተመረጡ ማሳዎች ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር ለክተው፥ አጭደውና ወቅተው፥ ምርቱን በሚዛን ይመዝናሉ። ነገር ግን የናሙናው ብዛት የተወሰነ ስለ ሆነ ውጤቱ የሚታመነው እስከ ዞን ድረስ ነው፤ ከዚያ ወርዶ ስለ አንድ ወረዳ ለመናገር አልተሰናዳም። ስለ ወረዳው የሚናገረው የወረዳው የራሱ መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚሞሉት የልማት ሠራተኞች ናቸው፤ የሚደምረው ጸሓፊው ነው፤ የሚፈርምበት ሹሙ ነው። የፈረመበት ቍጥር ከየት እንደ መጣ የማያውቅ ሹም ሳያነበው በደብዳቤ ላይ ማኅተም ከሚያሳርፍ ሰው አይለይም።

«አር» ምን እንደ ሆነ ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። ሰው በጽሕፈት እያዘዘ በኮምፒውተር ላይ ሒሳብ የሚያሠራበት ቋንቋ ነው። መሠረቱ በአሜሪካ አገር ጆን ቼምበርስና ጓደኞቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በቤል ላቦራቶሪ የሠሩት «ኤስ» የተባለው ቋንቋ ነው። ከዚያ ወዲህ በኒውዚላንድ አገር በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የተባሉ ሁለት ሰዎች «ኤስ»ን የመሰለ ሌላ ቋንቋ አበጁ፤ የሁለቱም ስም በአንድ ፊደል ስለሚጀምር «አር» ብለው ጠሩት። በ1995 ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ፈቅደው ለቀቁት፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትምም በየካቲት ወር መጨረሻ በ2000 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወጣ። ያለ ዋጋ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ከሌሎቹ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች የብዙዎቹ ፈቃድ በውጭ አገር ገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ፥ ፈቃድ ያልተከፈለበትን ቅጂ በፍላሽ አስገልብጦ መሥራት በብዙ ቦታ ልማድ ሆኗል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ ባለ ነገር ሲሠራ መታየት ግን አያምርበትም። «አር»ን ማስገልበጥ ነውር የለበትም። አንድ ጊዜ ከተጫነም በኋላ ኢንተርኔት በሌለበት ወረዳ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።

ይህ የስታቲስቲክስ ትምህርት ከከተማ የመጣ፥ ከእርሻ ጋር ዝምድና የሌለው የሚመስለው ሰው ደግሞ አለ፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በጥቂት ናሙና ላይ እንዴት መፍረድ እንደሚቻል በ1908 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያስተማረው ዊልያም ጎሴት በደብሊን ከተማ በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ስለ ገብስ የሚመራመር ሠራተኛ ነበር፤ ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዳያሳትሙ ስለ ከለከለ ጽሑፉን «ተማሪው» በሚል ስም አወጣ። ሮናልድ ፊሸርም በ1919 እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው የሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገብቶ፥ የስንዴና የድንች ማሳ ቍጥር ሲመረምር ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን ዘዴ አወጣ። እንግዲህ ይህ ዕውቀት ከማሳ ወጥቶ ከተማ የገባ ነው፤ የእርሻ ሹም ቢማረው የገዛ ቤቱን ዕቃ መልሶ እንደ መውሰድ ይቈጠርለታል።

ጀማሪ «አር»ን በከፈተ ቀን የራሱ መዝገብ ባይኖረው እንኳ አብረውት ከሚመጡት ሰንጠረዦች «ችክ ዌትስ» የተባለውን ጠርቶ ማየት ይችላል። በዚህ ሰንጠረዥ የተመዘገቡት 71 ጫጩቶች ናቸው። ከተፈለፈሉ በኋላ በዕጣ በስድስት ክፍል ተከፍለው፥ እያንዳንዱ ክፍል ልዩ ልዩ ተጨማሪ መኖ እየተሰጠው፥ በስድስተኛው ሳምንት በግራም ተመዘኑ። «አር» የየክፍሉን አማካይ እንዲያወጣ ቢታዘዝ፥ ባቄላ የበሉት 160፥ ተልባ የበሉት 219፥ አኩሪ አተር የበሉት 246፥ የሥጋ ዱቄት የበሉት 277፥ ካዜይን የተባለውን የወተት ውጤት የበሉት 324፥ የፈረንጅ ሱፍ የበሉት 329 ግራም መሆናቸውን በአንድ ዐይን ጥቅሻ ይነግረዋል። ይህን ያየ ጀማሪ ወዲያው «የፈረንጅ ሱፍ ከሁሉ ይበልጣል» ብሎ ለመፍረድ ይቸኵላል። ትምህርቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የየክፍሉን ትንሹንና ትልቁን ክብደት ቢጠይቅ፥ ካዜይን ከበሉት መካከል አንዱ 216 ሌላው 404 ግራም እንደ መዘነ፥ የፈረንጅ ሱፍ ከበሉትም አንዱ 226 ሌላው 423 እንደ ደረሰ ያያል። አንድ ዓይነት መኖ የበሉ ጫጩቶች እርስ በርሳቸው ይህን ያህል ከተራራቁ በሁለቱ አማካይ መካከል ያለው የአምስት ግራም ልዩነት ከአጋጣሚ የሚቈጠር እንጂ የመኖ ብልጫ አይደለም። ባቄላ ከበሉት ሁሉ የከበደው ግን 227 ግራም ነው፤ የፈረንጅ ሱፍ ከበሉት ሁሉ የቀለለውን በአንድ ግራም ብቻ ይበልጠዋል። ይህ እውነተኛ ልዩነት ነው።

ይህን ያስተዋለ አስተዳዳሪ የአንዱ ቀበሌ ምርት ከሌላው ቀበሌ በሄክታር በግማሽ ኩንታል በለጠ ተብሎ ሲነገረው አንዱን ሊቀመንበር ከመሸለሙ፥ ሌላውንም ከመገሠጹ በፊት «በየቀበሌው ውስጥ ያለው መራራቅ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ይህን አንዲት ጥያቄ መልመድ ብቻ የአንድ ወር ትምህርት ዋጋ አለው።

ከጫጩቶቹ በኋላ ጀማሪው ወደ ገዛ መዝገቡ መዞር አለበት። የባዕድ ምሳሌ ብቻ እየተማረ ብዙ የቈየ ሰው ትእዛዙን ሁሉ ያውቃል፤ የወረዳውን መዝገብ በከፈተ ቀን ግን ይቸገራል፤ ምክንያቱም የመጽሐፍ ሰንጠረዥ የተጣራ ነው፤ የወረዳ መዝገብ ግን ጭድና አፈር ያለበት እህል ነው። ለምሳሌ አንድ ጸሓፊ ወደ እህል በረንዳ የገባውን ጤፍ በየመጣበት አገር መዝግቦ በየአገሩ ይደመርለት ብሎ ቢያዝዝ፥ ጐጃም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ያገኘዋል። እርሱ «ጐጃም» ብሎ የጻፈውን ባልደረባው «ጎጃም» ብሎ ጽፎታልና፥ ለመኪናው ሁለቱ ፊደላት ሁለት አገሮች ናቸው። እንዲሁም «ሠርገኛ»ና «ሰርገኛ» ሁለት ዓይነት ጤፍ ይሆናሉ፤ ከቃሉ በኋላ በስሕተት አንድ ባዶ ቦታ የተተወ እንደሆነም ሦስተኛ ዓይነት ይፈጠራል። መድኃኒቱ «ቴብል» የሚባለውን ትእዛዝ ሰጥቶ እያንዳንዱ ስም ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ ማየት፥ ከዚያም አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሌላውን ወደ እርሱ መመለስ ነው። ሊቃውንት ስለ ሀ፥ ስለ ሐና ስለ ኀ ያላቸውን ክርክር እስኪፈጽሙ ወረዳው መጠበቅ የለበትም፤ አንዱን ይምረጥ፥ በመረጠውም ይጽና።

ከዚህ የሚብሰው የቀን ነገር ነው። «አር» ሌላ ነገር ካልተጨመረበት የሚያውቀው የአውሮፓን ዘመን አቈጣጠር ብቻ ነው፤ ቀንንም የሚይዘው እኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከምንለው ዕለት ጀምሮ ስንት ቀን እንዳለፈ በመቍጠር ነው። ጀማሪ የኢትዮጵያን ቀን በዓመት፥ በወርና በቀን ጽፎ «ይህን እንደ ቀን ያዘው» ብሎ ያዘዘው እንደሆነ፥ «አር» አብዛኛውን ያለ ቅሬታ ይቀበለዋል፤ ጥፋቱም የሚሰወረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ወር ጥቅምት መሆኑ ቀርቶ የአውሮፓ የካቲት ይሆናልና ጥቅምት 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይሰርዘዋል፤ በብዙ ዓመትም ጥቅምት 29ን ይጨምርበታል። በመስከረም 30ና በጥቅምት 1 መካከል ያለውን አንድ ቀን ሁለት ቀን ያደርገዋል። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ደግሞ ከቶ አያውቅምና ጳጉሜን በሙሉ ከመዝገቡ ይጠፋል። ጳጉሜን ማለት በመርካቶ ለዘመን መለወጫ ዶሮው፥ ቅቤውና ጤፉ የሚጋፋበት፥ ዋጋውም ከዓመት እስከ ዓመት ዐይን የሚጣልበት ሳምንት ነው። ያ ሳምንት ጠፍቶ የተሠራ የዋጋ ሰንጠረዥ ጸጥ ያለና ያማረ ሆኖ ይታያል፤ የተጠየቀው ነገር ግን ውስጡ የለም። ስለዚህ ጀማሪው ዓመቱን፥ ወሩንና ቀኑን በሦስት ልዩ ልዩ ዓምድ እንደ ተራ ቍጥር ቢይዛቸው፥ ወደ አውሮፓ ቀን መመለስ የሚያሻው በሆነ ጊዜም መስከረም 1 በሦስት ዓመት መስከረም 11፥ በአራተኛው መስከረም 12 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሚውል መሆኑን አስቦ ሒሳቡን በጽሑፍ ቢያኖር ይሻላል።

ስለ መስፈሪያ ብዙ መናገር አያሻም፤ ሁሉም የሚያውቀው ጣጣ ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ዳውላ፥ ቁናና ጣሳ ግን ከገበያ ገበያ ይለያያሉ። «አር» ሦስት ቁናና ሦስት ኩንታል ደምሮ ስድስት ነው ቢል አያፍርም። ቍጥሩ በአንድ ዓምድ፥ መስፈሪያው በሌላ ዓምድ ይጻፍ፤ የየገበያው ቁና ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አንድ ጊዜ በሚዛን ተመዝኖ ይመዝገብ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን፤ ይኸውም ስለ ጐደለ ቍጥር ነው። ለምሳሌ በአንድ ወረዳ ዐሥር ቀበሌዎች አሉ እንበል። ስምንቱ የስንዴ ምርታቸው በሄክታር 20 ኩንታል መሆኑን አስታወቁ፤ ሁለቱ ምንም አልላኩም። ጸሓፊው ባዶ ቦታ እንዳይታይበት ፈርቶ በሁለቱ ላይ ዜሮ ጻፈ። አማካዩ 16 ኩንታል ሆኖ ይወጣል፤ ወረዳው ምርቱ ቀነሰ ተብሎ ይነገርበታል። ዜሮና ያልታወቀ ነገር አንድ አይደሉም። «አር» ለማይታወቅ ነገር «ኤን ኤ» የሚል ልዩ ምልክት አለው፤ ከዐሥሩ አንዱ እንኳ «ኤን ኤ» ቢሆን፥ አማካዩ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ኤን ኤ» ነው። ጀማሪ ይህን ሲያይ መኪናው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ይበሳጫልም። በእውነቱ ግን ብዙ ባለሥልጣን የማይደፍረውን እያደረገ ነው፤ የማላውቀውን ጨምሬ ልመልስልህ አልችልም ማለቱ ነው።

ጀማሪው መጽሐፍ ቢያይ የጐደለውን ትቶ እንዲያሰላ የሚያዝዝበትን ቃል ያገኛል። ያን ጊዜ መልሱ 20 ይሆናል፤ ልቡም ይረካል። 16 ውሸት እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን 20 እውነት ነው ለማለት ደግሞ አይቻልም። ሁለቱ ቀበሌዎች ለምን አልላኩም? የልማት ሠራተኛው ታሞ ይሆናል፤ ወንዙ ሞልቶ መንገድ ተዘግቶ ይሆናል፤ ወይም ሰብሉ ጨርሶ ስለ ጠፋ ሊቀመንበሩ ቍጥሩን ለመላክ አፍሮ ይሆናል። መንገድ የሌለው፥ ድርቅ የመታው፥ ሰው የፈለሰበት ቀበሌ ከሌላው ይልቅ ቍጥሩ የሚጐድል ነውና፥ የጐደለውን ትቶ ማስላት ማለት ብዙ ጊዜ የተቸገረውን ትቶ ማስላት ማለት ነው። ይህን ኮምፒውተር ሊያውቀው አይችልም። የሚያውቀው በቅሎ ጭኖም ሆነ ስልክ ደውሎ ወደዚያ ቀበሌ ሰው የሚልክ ሹም ነው። «አር»ን የተማረ ሹም ከሌላው የሚሻለው «ኤን ኤ» የተጻፈበትን ቀበሌ በስሙ ስለሚያውቀው ነው።

ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የሆነው ረሃብ ወሬው ለዓለም የተሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው፤ ሰው ይሞት የነበረው ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ነው። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው እጅግ ስለ ወደቀ፥ የማጨጃ ወጪው እንኳ የማይመለስለት ገበሬ ሰብሉን በማሳው ላይ የተወበት ስፍራ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ ጐደለ፤ በ1995 ዓ.ም. እርዳታ የሚያሻው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ መትረፍረፍና ረሃብ እንደዚህ ሲከታተሉ የአገሩ ሁሉ አማካይ ለማንም አይበጅም። የየወረዳው የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ተመዝግቦ በመስመር ሥዕል ቢታይ ዝናብ ባያዘንብም፥ ገበሬው በሬውንና ዘሩን ሽጦ ሳይጨርስ ለሹሙ ማስታወቅ ይችላል። ይህን ሥዕል ለመሥራት «አር» የሚጠይቀው ሦስት ወይም አራት መስመር ጽሕፈት ነው።

«ኤክሴል እያለልን ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉ አሉ፤ ጥያቄያቸውም ከንቱ አይደለም። ለመመዝገብ ኤክሴል መልካም ነው፤ ጀማሪውም ቍጥሩን በእርሱ መዝግቦ ወደ «አር» ቢያስገባው ይሻላል። ለማስላት ግን ትልቅ ጕድለት አለበት፤ ማን ምን እንደ ለወጠ ብዙ ጊዜ ምልክት አይተውም። ይህን በሚመለከት በዓለም የታወቀ ነገር አለ። ካርመን ሬይንሃርትና ኬነት ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር የኢኮኖሚ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 የመንግሥት ዕዳ ከአገሩ ምርት ከመቶ 90 በላይ ሲሆን ዕድገት ይቆማል የሚል ጽሑፍ አወጡ፤ የብዙ አገር ሹማምንትም ለፖለቲካቸው ጠቀሱት። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የሚባል በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ለትምህርት ቤት ሥራው ያንኑ ሒሳብ ደግሞ ሲሠራ መልሱ አልመጣለትም። የሊቃውንቱን የኤክሴል ሰንጠረዥ ተቀብሎ ቢያየው፥ አማካዩን የሚያወጣው መስመር አምስት አገሮችን ሳይጨምር ቀርቷል። ሌሎችም እርማቶች ተጨምረውበት ከመቶ ዜሮ በታች የነበረው አማካይ ዕድገት ከመቶ 2.2 ሆኖ ተገኘ። ተማሪውና መምህራኑ እርማታቸውን የሠሩት በ«አር» ሲሆን፥ እያንዳንዱን መስመር ለሁሉ ስለ ገለጹ ማንም ሰው ደግሞ ሊሠራው ይችላል። «አር» የሚሠራው በተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙም እንደ ሒሳብ መዝገብ ተቀምጦ ይኖራል። ጸሓፊው ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር እንኳ የሚተካው ሰው ያንኑ ጽሕፈት አስነሥቶ ያንኑ መልስ ያገኛል። ጸሓፊ በተለወጠ ቍጥር መዝገቡም አብሮ የሚለወጥባቸው ጽሕፈት ቤቶች እንዳሉ ለማንም አይሰወርም።

ሁለተኛው መከራከሪያ የቋንቋ ነው፤ የ«አር» ትእዛዞች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸውና። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች የሚያሻው ቃል ከሃያ እምብዛም አያልፍም፤ በእህል በረንዳ ያለ ወጣት የሸቀጡን ስም በኦሮምኛ፥ በጉራጊኛና በአማርኛ ለይቶ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ይደክማል። የዓምዱ ስምና በውስጡ የሚጻፈው በአማርኛ ሊሆን ይችላል። በቀይ የሚወጣው የስሕተት ማስታወቂያ ብዙ ጀማሪ ያስደነግጣል፤ አንዱ ቅንፍ ሳይዘጋ፥ አንዱም ነጠላ ሰረዝ ሳይገባ ቀርቶ ነው እንጂ ሌላ ጥፋት ላይኖር ይችላል። በቀይ ጽፎ የሚያስታውቀው ስሕተት ለክፉ አይሰጥም፤ የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው የጳጉሜን ዓይነት ስሕተት ነው። በቅርቡም በሰው ቋንቋ ሲጠየቁ የ«አር»ን ትእዛዝ ጽፈው የሚሰጡ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉ ፕሮግራሞች መጥተዋል። ለጀማሪ መልካም ረዳቶች ናቸው፤ ዳሩ ግን የአንድ ወረዳ ቁና ስንት ኪሎ እንደ ሆነ፥ የትኛው ቀበሌ ለምን እንዳልላከ አያውቁምና በእነርሱ ተማምኖ መማርን መተው ሥራን ለማይታወቅ ደላላ ሰጥቶ እንደ መሄድ ይሆናል።

ስለ መማሪያው መንገድ ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ሠራተኞችን ሰብስቦ በሆቴል አዳራሽ አምስት ቀን አስተምሮ፥ ውሎ አበል ከፍሎና ምስክር ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት የተለመደ ነው። ምስክር ወረቀቱ በግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ትምህርቱ ግን ከሁለት ወር በኋላ ይረሳል። ይልቅስ በየወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሁለት ሰዎች ተመርጠው፥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተፈቅዶላቸው፥ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በወረዳቸው ገበያ ዋጋ ላይ ቢሠሩ ይሻላል። አንድ ብቻ የሆነ እንደሆነ በተቸገረ ጊዜ የሚጠይቀው ሰው ያጣል፤ በተዛወረም ጊዜ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። አስተዳዳሪው ራሱ ትእዛዙን ሁሉ መጻፍ ባይችል ጸሓፊው የጻፈውን ማንበብ ይልመድ።

ሰፊ እርሻ የያዙ ባለርሻዎችም ከዚህ ትምህርት የሚያገኙት አለ። አንዲት ምሳሌ ትበቃለች። በአንድ ቀበሌ ዘጠኝ ገበሬዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሄክታር፥ አንድ ባለርሻ ደግሞ 21 ሄክታር ይዘዋል እንበል። አማካዩ ሦስት ሄክታር ነው፤ ሦስት ሄክታር የያዘ ሰው ግን በቀበሌው አንድም የለም። «አር» «ሚዲያን» በሚለው ትእዛዝ ሰዎቹን በይዞታቸው ቅደም ተከተል አሰልፎ በመካከል ያለውን ይዞታ ሲጠየቅ አንድ ሄክታር ብሎ ይመልሳል። የማዳበሪያ ድርሻ በአማካዩ የተመደበ እንደሆነ ዘጠኙ የማይችሉትን ዕዳ ይሸከማሉ፤ ባለርሻውም የሚያሻውን አያገኝም። ሁለቱም ወገን የሚበደልበት ሒሳብ ስለ ሆነ ሁለቱም ሊቃወሙት ይገባል።

ይህን ትምህርት ዘንድሮ የሚጀምር ወረዳ ብዙ ዕቃ አያሻውም፤ አንድ ኮምፒውተር፥ በፍላሽ የተቀዳ «አር»፥ የአንድ ገበያም የዋጋ መዝገብ ይበቃዋል። የአንድ ዓመት መዝገብ ተሞልቶ መስከረም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አስተዳዳሪው ጸሓፊውን ጠርቶ ከጳጉሜን 1 ቀን እስከ ጳጉሜን 5 ቀን ጤፍ በወረዳው ገበያ ስንት እንደ ተሸጠ፥ በእነዚያም ቀናት በእህል በረንዳ ዋጋው ስንት እንደ ነበረ ከሰንጠረዡ ላይ እንዲያሳየው ይዘዘው። ሰንጠረዡ በነሐሴ 30 የሚያበቃ ሆኖ ከተገኘ ጸሓፊውን አይቈጣ፤ አጠገቡ ይቀመጥና ቀኑ የትኛው መስመር ላይ እንደ ጠፋ አብረው ይፈልጉ።